በግድያ ምርመራ ቃሎቻችን ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ሲበላሽ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ አያልፍም። ተማሪ ይደናገራል፤ ተርጓሚ ይቸገራል፤ አንባቢም ገጹን ገልብጦ ይሄዳል። በግድያ ምርመራ መስክ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በዚህ መስክ የተበላሸ ቃል ንጹሑን ሰው ሊያሳስር፣ ገዳዩንም በነፃ ሊያኖር ይችላል። የፖሊስ መግለጫ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የጋዜጣ ዘገባ፣ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍና ፊልም ሁሉም በየፊናቸው ቃል ያወጣሉ፤ ያወጡትንም የሚያስታርቅ የለም። ስለዚህ እነዚህን ቃላት በአንድ ሚዛን አስቀምጠን መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሚዛኑን ከቢሮ ሳይሆን ከገጠር ወስደናል። አሪቻ በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ አካባቢ የምትገኝ የቡና አገር ናት። ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተሰባጥረው የሚበቅሉበት ይህ የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ሕዝቡ በብዛት ተጠጋግቶ የሰፈረበት፣ ዝናቡ የማይታጣበት አገር ነው። እንበልና በአሪቻ አንድ ሰው ማለዳ በቡና ማሳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ይህ በምሳሌነት ያመጣነው እንጂ የተፈጸመ ታሪክ አይደለም። ሬሳውን ያገኘችው ሴት የምትናገረው በጌዴኦ ቋንቋ ነው፤ መርማሪው የሚጽፈው በአማርኛ ነው፤ ሐኪሙ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዳኛው የሚፈርደው በአማርኛ ከተጻፈው ተነሥቶ ነው። አንድ ሞት በሦስት ቋንቋ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። በየመሸጋገሪያው ላይ የሚቆመው ቃል ምን ያህል ይሸከማል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በቅድሚያ የሕጉን ስም እንመልከት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባል ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት» ተባለ። የመጀመሪያው ሕግ በ1996 ዓ.ም. ሲተካ አዲሱ «የወንጀል ሕግ» የሚል ስም ወጣለት። ለውጡ ለብዙ ሰው የአንዲት ቃል መቀነስ መስሎ ይታያል። ለቃል መርማሪ ግን ትልቅ ነው። «የወንጀለኛ መቅጫ» ሲባል ወንጀለኛው አስቀድሞ ታውቋል፤ የቀረው መቅጣት ብቻ ነው። «የወንጀል ሕግ» ሲባል ግን ድርጊቱ ተሰየመ እንጂ ሰውየው ገና አልተሰየመም። በተለይ የሥነ ሥርዓት ሕግ የሚባለው ሰውየው ጥፋተኛ መሆኑና አለመሆኑ የሚለይበትን መንገድ የሚያስተምር ስለሆነ፣ በስሙ ውስጥ «ወንጀለኛ» የሚል ቃል መኖሩ ከዓላማው ጋር ይጣላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህን ድንጋጌ የምናከብር ከሆነ «ተጠርጣሪ»፣ «ተከሳሽ»፣ «ፍርደኛ» የሚሉት ሦስት ቃላት ደረጃቸውን ጠብቀው ሊነገሩ ይገባል። «ወንጀለኛው በቁጥጥር ሥር ዋለ» ብሎ የሚጽፍ ዘጋቢ በአራት ቃል የፍርድ ቤቱን ሥራ ጨርሷል።

ሁለተኛው የግድያ ዓይነቶች አሰያየም ነው። የ1996ቱ ሕግ ግድያን «ከባድ የሰው ግድያ»፣ «ተራ የሰው ግድያ» እና «ቀላል የሰው ግድያ» ብሎ ይከፍላል፤ አንቀጽ 539፣ 540 እና 541 ናቸው። የሕግ ሰው እነዚህ ቅጽሎች የገዳዩን አሳብና ሁኔታ የሚመዝኑ እንጂ የሟቹን ዋጋ የሚለኩ አለመሆናቸውን ያውቃል። ሆኖም «ተራ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ «የተለመደ፣ ልዩ ያልሆነ» ሲሆን ሌላው «የማይረባ» ወደ ማለት ያዘነብላል። ልጇን ያጣች እናት በችሎት ተቀምጣ «ተራ የሰው ግድያ» የሚል ስትሰማ የትኛው ትርጉም እንደሚደርሳት መገመት አያዳግትም። «ቀላል» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በሕግ የተደነገገን ስያሜ የቋንቋ መጽሔት ሊሽረው እንደማይችል እናውቃለን። ነገር ግን ቃሉ ከክብር ያለፈ ውጤት አለው። በሕጉ አንቀጽ 217 መሠረት በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ክስ የሚቀረው በ25 ዓመት ይርጋ ነው። ከ10 ዓመት በላይ እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣው ደግሞ በ20 ዓመት ይቀራል። ስለዚህ «ከባድ» እና «ተራ» የሚሉት ቅጽሎች ገዳዩ ያልታወቀበትን መዝገብ ዕድሜ ጭምር ይወስናሉ። መርማሪው በመጀመሪያው ቀን በመዝገቡ ራስጌ የሚጽፈው ቅጽል ከ20 ዓመት በኋላ በሩን ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛው ስለ ሞቱ ራሱ የሚነገረው ነው። በሐኪም ማስረጃዎች ላይ «የሞት ምክንያት» የሚለው ሐረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሞ ይገኛል። አንደኛው ሰውነትን ለሞት ያበቃው ጉዳት ወይም በሽታ ነው፤ ለምሳሌ የደም መፍሰስ፣ የትንፋሽ መታፈን። ሁለተኛው ያ ጉዳት የመጣበት መንገድ ነው፤ በተፈጥሮ ነው፣ በአደጋ ነው፣ ሟቹ በገዛ እጁ ነው፣ በሰው እጅ ነው፣ ወይስ ሊታወቅ አልቻለም? እነዚህን ሁለቱን የዓለም ሐኪሞች በሁለት ቃል ይለያሉ። ለእኛ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገንም፤ ቋንቋችን የአኳኋን ስም የሚያወጣበት የታወቀ መንገድ አለው። ከሞተ «አሟሟት»፣ ከገደለ «አገዳደል»፣ ከወደቀ «አወዳደቅ» ይወጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «የሞት ምክንያት»፣ ለሁለተኛው «አሟሟት» ብሎ መወሰን ብቻ ይበቃል።

የዚህን ልዩነት ዋጋ የሚያሳይ ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ማረፋቸው በደርግ ሲነገር ከሕመም ጋር የተያያዘ ምክንያት ተሰጠ። ለሕዝቡ የተነገረው የሞት ምክንያት ነበር፤ አሟሟቱ ግን አልተነገረም። አጽማቸው በየካቲት 1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከወለል ሥር ተገኘ፤ በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ላይም ንጉሠ ነገሥቱ ታንቀው መገደላቸው በክስነት ቀረበ። ቀብራቸው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። በ1967ቱ መግለጫና በ1987ቱ ክስ መካከል ያለው ርቀት በአንድ በኩል የፖለቲካ ርቀት ነው፤ በሌላ በኩል ግን «ምክንያት» ሲነገረን «አሟሟቱስ?» ብለን የምንጠይቅበት የጸና ቃል ያለመኖሩ ርቀት ነው።

«የአስከሬን ምርመራ» የሚለውም እንዲሁ ሰፊ ነው። ሐኪሙ አስከሬኑን ከውጭ አይቶ ቢጽፍም፣ ቀዶ የውስጥ አካላቱን ቢመረምርም ማስረጃው «አስከሬኑ ተመርምሯል» ይላል። ዳኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ለረጅም ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ አስከሬን ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ሲላክ መኖሩ የታወቀ ነው። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአሪቻ ያን ያህል መንገድ መላክ ለማይችል ቤተ ሰብ የቀረው በአቅራቢያው ያለ ሐኪም ከውጭ አይቶ የሚጽፈው ወረቀት ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ስም መጠራታቸው ትክክል አይደለም። በሕክምና «ቀዶ ጥገና» እንደምንል ሁሉ ለሁለተኛው «የአስከሬን ቀዶ ምርመራ»፣ ለመጀመሪያው «የአስከሬን ውጫዊ ምርመራ» ብንል ግልጽ ይሆናል።

በዚህ ላይ «አጽም» እና «አስከሬን» መለየት አለባቸው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ከተቋቋመ በኋላ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ቡድን ወደ አገራችን መጥቶ በደርግ ዘመን የተገደሉ ሰዎችን የጅምላ መቃብር በማስቆፈር ረድቷል። ቡድኑ በአገሩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 የጠፉ ዜጎችን ለመፈለግ ነበር። በአዲስ አበባ ከተከፈቱት መቃብሮች በአንደኛው በሟቾች አንገት ላይ የናይለን ገመድ እንደ ታሰረ ተገኝቷል። ሥጋው ካለቀ አጽም ላይ ሰው ታንቆ መሞቱን ማንበብ አስቸጋሪ ነው፤ አሟሟቱን የተናገረው ገመዱ ነው። ከዚህ የምንማረው «አጽም ምርመራ» ከ«አስከሬን ምርመራ» የተለየ ሙያ መሆኑን ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች መቃብር ከፍቶ መመርመርን «ፍልሰተ ዐፅም» ሲሉት አይተናል። ይህ ቃል በቤተ ክርስቲያን አጽምን በክብር ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወርን የሚያመለክት ስለሆነ ለምርመራ አይስማማም። «ለምርመራ አጽም ማውጣት» የሚለው ግልጽና በቂ ነው።

«ፎረንሲክ» የሚለውን ቃልስ ምን እናድርገው? ቃሉ የተገኘው ሮማውያን ሸንጎ ከሚቀመጡበት አደባባይ ስም ነው፤ ፍችውም «ለሸንጎ የሚሆን» ማለት ነው። በአማርኛ «የወንጀል ምርመራ ሳይንስ» የሚል አቻ ተለምዷል። ይህ አቻ አንድ ነገር ያጎድላል ብለን እናምናለን። «ምርመራ» የመርማሪው ሥራ ነው፤ የፎረንሲክ ሥራ ግን በሸንጎ ፊት ቀርቦ የሚከራከሩበት፣ ተከሳሹም ሊሞግተው የሚችል መሆን አለበት። ስለዚህ «ፎረንሲክ» በግእዝ ፊደል ተጽፎ እንዲቆይ፣ ሲብራራ ግን «ለፍርድ የሚቀርብ ሳይንሳዊ ምርመራ» ተብሎ እንዲብራራ እንመክራለን። በጌዴኦ የሽማግሌዎች ጉባኤ «ሶንጎ» ይባላል፤ በድምፁ ከአማርኛው «ሸንጎ» ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ የአሪቻን ሰው «ለሸንጎ የሚቀርብ ማስረጃ» የሚለው ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

አራተኛው ለዚህ ሂስ ዋና መነሻ የሆነን ነው። በቅርብ ዓመታት ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተወሰደው «ቀዝቃዛ መዝገብ» ወይም «ቀዝቃዛ ጉዳይ» የሚል ሐረግ ከፊልምና ከትርጉም ወደ ጋዜጣ እየገባ ነው። በአማርኛ ነገር ሲቀዘቅዝ ወይም ሲበርድ ጠቡ ረገበ፣ ቁጣው ተመለሰ ማለት ነው። «ነገሩ በረደ» የሚባለው ሰላም ሲመጣ ነው። ገዳዩ ያልታወቀበትን ደም «ቀዝቃዛ» ማለት ለሟቹ ቤተ ሰብ «ነገሩ አልቋል፤ ተጽናኑ» ማለት ይሆናል። በአገራችን ደም እንዲያ አይነገርም። «ደም ደረቀ» የሚባለው ዕርቅ ሲወርድ ነው፤ ካልወረደ ደመኛ ደመኛ ነው።

ከዚህም በላይ ሐረጉ የመጣበት አገር ሕግና የእኛ ሕግ ይለያያሉ። በእንግሊዝ አገርና በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የነፍስ ግድያ ክስ በይርጋ አይቀርም፤ መዝገቡ ሲቀዘቅዝ ኖሮ ከ40 ዓመት በኋላም ሊሞቅ ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ከላይ እንደ ተመለከተው የ20 እና የ25 ዓመት ይርጋ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ከይርጋ ያወጣው በሰብእና ላይ የሚፈጸሙትን ወንጀሎች፣ ማለትም የዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርንና ኢሰብአዊ ድብደባን ነው። ስለዚህ ይርጋው የሚቋረጥበት ሁኔታ ቢኖርም፣ የእኛ ያልተቋጨ መዝገብ የሚሞትበት ቀን ያለው መዝገብ ነው። «ይርጋ» የሚለው ጥንታዊ የሕግ ቃላችን «ረጋ» ከሚለው ግስ የወጣ ትእዛዝ አከል አንቀጽ ነው፤ «ጸጥ ይበል፣ ባለበት ይጽና» ማለት ነው። በይርጋ ጨፌ ስም ውስጥ፣ የስሙ ትክክለኛ አመጣጥ ምንም ይሁን ምን፣ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህንኑ ቃል ይሰማል። የረጋ ነገርና ያልረጋ ነገር በቃላችን ተለይተው ሳሉ ሁለቱን «ቀዝቃዛ» በሚል ውሰት መደባለቅ አያስፈልግም።

«መዝገቡ ተዘጋ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 42 ዐቃቤ ሕግ ክስ የማያቀርብባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ማስረጃው በቂ ሳይሆን ሲቀር፣ ተከሳሹ ሊገኝ ሳይችልና በሌለበት ሊታይ የማይችል ጉዳይ ሲሆን፣ ጉዳዩ በይርጋ ወይም በምሕረት ሲቀር ከእነዚሁ ይቆጠራሉ። በተራው አነጋገር ግን ሦስቱም «መዝገቡ ተዘጋ» ይባላሉ። የአሪቻዋ ሴት «ተዘጋ» ሲባል ምን ትረዳለች? በማስረጃ ማነስ የቆመ መዝገብ ማስረጃ ሲገኝ ሊከፈት ይችላል፤ በይርጋ የቀረው ግን አይከፈትም። ሁለቱን በአንድ ቃል መንገር ተስፋ ያለውን ሰው ተስፋ ማስቆረጥ፣ ተስፋ የሌለውን ደግሞ በከንቱ ማመላለስ ነው።

እኛ የምናቀርበው ስያሜ «እልባት ያላገኘ መዝገብ» የሚል ነው። «እልባት» በመጽሐፍ ገጾች መካከል የሚደረግ ምልክት ነው፤ ከዚያም ተነሥቶ «እልባት አገኘ» ማለት ነገሩ መቋጫ አገኘ ማለት ሆኗል። ቃሉ ከመዝገብ ጋር በተፈጥሮው የሚስማማ ነው። ለግድያው ራሱ ደግሞ «ገዳዩ ያልታወቀ ግድያ» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል። «ያልተፈታ ግድያ» የሚለውን አንመክርም፤ «ተፈታ» ስለ እንቆቅልሽም ስለ እስረኛም የሚነገር ስለሆነ፣ ስለ እስረኛ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ አንባቢን ያደናግራል። «ውዝፍ መዝገብ»ም አይሆንም፤ እርሱ በፍርድ ቤት ቀርቦ ውሳኔ የዘገየበትን የሚያመለክት ነው።

አምስተኛው ንጹሑን ሰው የሚነካው ነው። «አመነ» የሚለው ግስ በግእዝም በአማርኛም ሁለት ትርጉም ይዞ ኖሯል፤ በልቡ ተቀበለ፣ እና አድርጌአለሁ ብሎ ተናገረ። «የእምነት ቃል» ስንል የሁለተኛው ትርጉም በመጀመሪያው ክብር ይሸፈናል። ያመነ ሰው ከልቡ የተናገረ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 በእንግሊዝ አገር በሌስተርሻየር ሁለት ልጃገረዶች ተገደሉ። በሁለተኛው ግድያ የተጠረጠረ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ለፖሊስ አምኖ ነበር። ፖሊሶች የመጀመሪያውንም የገደለው እርሱ መሆኑን ለማረጋገጥ አሌክ ጄፍሪስ ወደሚባሉት ሳይንቲስት ሄዱ፤ እርሳቸው በዘረ መል ሰውን ከሰው የሚለዩበትን ዘዴ ያገኙት በ1984 ነበር። ውጤቱም ሁለቱንም የገደለ አንድ ሰው መሆኑን፣ ያ ሰው ግን ያመነው ወጣት አለመሆኑን አሳየ። እውነተኛው ገዳይ ከዚያ በኋላ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት። ዘዴው በግድያ ምርመራ ላይ ሲውል አስቀድሞ ያደረገው ያመነን ንጹሕ ሰው ማውጣት ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው እንዲያምን እንደማይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በቃላችን ውስጥ እንዲታይ ከተፈለገ ከፍርድ በፊት «ተጠርጣሪው ወንጀሉን አመነ» ከማለት «ወንጀሉን መፈጸሙን የሚገልጽ ቃል ሰጠ» ማለት ይገባል። ሐረጉ ይረዝማል፤ ርዝመቱ ግን ዋጋ አለው። ቃሉ መሰጠቱን ይናገራል እንጂ ቃሉ እውነት መሆኑን አይመሰክርም።

ስድስተኛው ከሁሉ የበለጠ የማይታየው ነው፤ «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል። በአማርኛ «ተመሳሳይ» ስንል አንዳንድ ጊዜ «የሚመስል» ማለታችን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ «አንድ ዓይነት» ማለታችን ነው፤ አልፎ አልፎም «ራሱ ነው» ማለታችን ነው። በገበያ ይህ ችግር የለውም። ባለሙያው ግን በአሪቻው ማሳ የተገኘውን ፀጉር ከተጠርጣሪው ፀጉር ጋር አስተያይቶ «ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ ቢጽፍ ዳኛው ከሦስቱ የትኛውን ይውሰድ? ይህ የአማርኛ ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ ባለሙያዎቹ ፀጉርን በማይክሮስኮፕ አስተያይተው የመሰከሩባቸው መዝገቦች ሲከለሱ፣ ከተመረመሩት ቢያንስ በ90 ከመቶው የተሳሳተ አነጋገር መገኘቱን አምኗል። ስሕተቱ የሚመስለውን «የእርሱ ነው» ወደ ማለት ባቀረበው ምስክርነት ላይ ነበር። በዚያው አገር በ2004 በማድሪድ ከደረሰው የባቡር ፍንዳታ ጋር በተያያዘ ምንም ያልሠራ አንድ የሕግ ጠበቃ «አሻራው ገጠመ» ተብሎ ታስሮ፣ በኋላ ይቅርታ ተጠይቋል። «የጣት አሻራ» ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ማኅተም ከማኅተም ጋር እንደሚገጥም ሁሉ ሁልጊዜ ያለ ስሕተት ይገጥማል የሚል እምነት ይዞ ይመጣል።

በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች ውጤታቸውን በአምስት የተወሰኑ አነጋገሮች ብቻ እንዲገልጹ እናሳስባለን፦ «የእርሱ ነው»፤ «ይመሳሰላል፣ የሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል»፤ «አይቃረንም»፤ «የእርሱ አይደለም»፤ «መወሰን አልተቻለም»። «ተመሳሳይ» የሚለው ብቻውን ከባለሙያ ማስረጃ ይውጣ።

ሰባተኛው ንጹሕ ሰው የተፈረደበትን ሁኔታ የምንጠራበት ስም ነው። ብዙዎች «ፍርደ ገምድል» የሚለውን ወስደው ይጠቀሙበታል። ቃሉ ውብና ጥንታዊ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ፍርደ ገምድል የሚባለው እያወቀ ፍርድን የሚያጎብጥ ዳኛ ነው፤ ጥፋቱ በዳኛው ልብ ውስጥ ነው። ንጹሕ ሰው የሚፈረድበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅን ዳኛ፣ ቅን ምስክርና ትጉ መርማሪ ባሉበት ነው፤ ምስክሩ በጨለማ ተሳሳተ፣ ባለሙያው አበዛ፣ አስተርጓሚው አንዲት ቃል ጣለ። ይህን ሁሉ «ፍርደ ገምድል» ብንለው ዳኛው ራሱን ለመከላከል ይነሣል፤ ስሕተቱም ሳይታረም ይቀራል። «በስሕተት የተፈረደበት» የሚለው የተሻለ ነው፤ ስሕተቱን ያነሣል፣ ክፋትን አያስገድድም። ከዚህ ጋር «በነፃ ተሰናበተ» እና «ንጹሕነቱ ተረጋገጠ» መለየት አለባቸው። የመጀመሪያው ማስረጃው አልበቃም ማለት ነው፤ ሁለተኛው እርሱ አላደረገም ማለት ነው። ከዓመታት እስር በኋላ ወደ መንደሩ የሚመለስ ሰው የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ሐረጎች ልዩነት ነው።

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ጭንቀት ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኛ ግን እንዲያ አይመስለንም። የቀድሞው ዘመን ራሱ ሁለት ቃላት ትቶልናል። አንደኛው «ሌባሻይ» ነው፤ ሌባን የሚሻ ማለት ነው። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። በስሙ ውስጥ መሻት እንጂ ማጣራት የለም፤ ሲሻ የወደቀበትን አገኘ። ሁለተኛው «አውጫጭኝ» ወይም «አፈርሳታ» ነው። የአካባቢው ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ ወንጀል ሠሪውን የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ይቆያል፤ በምስጢር የሚናገረውም «ወፍ» ይባላል። በዚህ ውስጥ የሕዝብ እውቀት ቢኖርም የግል ቂምም በወፍ አፍ ሊናገር ይችላል። የዛሬው «ጥቆማ» የሚለው ቃል ከሁለቱም ወርሷል፤ ስለዚህም ጥቆማ የምርመራ መነሻ እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን በቃል ደረጃም ማስጠበቅ ይገባል።

ወደ አሪቻ እንመለስ። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ተከሳሹም የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት በአንቀጽ 19 እና 20 ያዛል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጌዴኦ ዞን የሚገኝበት፣ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ስለዚህ የአሪቻዋ ሴት ቃል በአማርኛ ይጻፋል። በራሷ ቋንቋ «እሱን መስሎ ታየኝ» ያለችው በወረቀት ላይ «አየሁት» ሆኖ ቢቀር፣ መርማሪው ዋሽቷል አንልም፤ አሳጥሯል። «ሰዎች እንዲህ አሉ» ያለችው «እንዲህ ነው» ቢሆን እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ጥርጣሬዋ በዚያች መሸጋገሪያ ላይ ወድቋል። ዳኛው በኋላ የሚያገኘው ጥርጣሬ የሌለበት ምስክርነት ነው። ይህ ክፍተት በአንድም የሕግ አንቀጽ አይሞላም፤ የሚሞላው በተርጓሚው ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ «መሰለኝ»፣ «አሉ»፣ «ይባላል»፣ «አላስታውስም» የሚሉ ቃላት ከምስክር ቃል እንዳይወጡ፣ አስተርጓሚውም የሰማውን ሳያሳጥር እንዲያስጽፍ የሚያዝ የሥራ ደንብ ቢኖር፣ ከብዙ አዳዲስ ስያሜዎች ይልቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ያቀረብናቸውን ስያሜዎች እንደ ተጠናቀቀ ዝርዝር አናያቸውም። ሕግ ዐዋቂዎች «ቃሉን በልምድ እናውቀዋለን፤ ችግር የለብንም» ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፤ እነርሱ ያውቁታል። የማያውቁት ሟቹን ያገኘችው ሴት፣ የተጠረጠረው ወጣትና ልጇን የቀበረችው እናት ናቸው። የፍርድ ቃል የሚነገረው ለእነርሱም ጭምር ስለሆነ፣ እነርሱ በሚሰሙት ትርጉም መመዘን አለበት። በዚህ መስክ የሚሠሩ ተርጓሚዎች፣ በተለይም ከጌዴኦ ቋንቋና ከሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ወደ አማርኛ የሚያስተረጉሙ፣ በየችሎቱ የገጠማቸውን አስቸጋሪ ቃል ከነአገባቡ ቢያቀርቡ ዝርዝሩ በእነርሱ እጅ ይታረማል።